አራት ማይክና አንድ ሲባጎ፦ ጅማ ላይ ድራም በቤት ውስጥ ስንቀዳ የተያዘ ማስታወሻ

ቅዳሜ፣ ክፍሉ

ክፍሉ 4.20 በ3.40 ሜትር ነው፤ ከወለል እስከ ኮርኒስ 2.60። ግድግዳው የተለሰነ ብሎኬት፣ ወለሉ ሊሾ፣ ኮርኒሱ ቺፕውድ፣ ከላዩ ቆርቆሮ። ለድራም ይህ ከባዱ ዓይነት ክፍል ነው። ግድግዳው የተመታውን ሁሉ መልሶ ይወረውራል፤ ጣሪያው ደግሞ ሳይጠራ የሚገባ ተጫዋች ነው፣ ኪክ (በእግር የሚመታው ትልቁ ድራም) በተመታ ቁጥር አብሮ ይንጫጫል።

ወሩ ኅዳር እንዲሆን የተደረገው ታስቦበት ነው። የጅማ ዝናብ ረጅም ነው፤ ቆርቆሮ ላይ ዝናብ ከወረደ ደግሞ ከላይ የተሰቀለ ማይክ የሚቀዳው ዝናቡን ነው። ይህን በኋላ በሶፍትዌር ለማጽዳት መሞከር ከሲምባሉ (ከናስ ሳህኑ) ጋር አብሮ መፋቅ ነው፤ ሁለቱ የሚይዙት የድምፅ ክልል አንድ ነውና።

ያለው ዕቃ ይህ ነው፦ ባለ 22 ኢንች ኪክ፣ ባለ 14 ስኔር (ከሥሩ ሽቦ ያለው)፣ ባለ 12 ቶም፣ ባለ 16 ፍሎር ቶም (ወለል ላይ የሚቆመው)፣ ሃይሃት (በእግር የሚከፈትና የሚዘጋ ጥንድ ሲምባል)፣ አንድ ክራሽና አንድ ራይድ የሚባሉ ሲምባሎች። ማይኮቹ ጥንድ ቀጫጭን ኮንዴንሰር (ከካርዱ 48 ቮልት የሚፈልግ ማይክ)፣ አንድ ሹር ኤስኤም 57 እና አንድ ኤስኤም 58። የድምፅ ካርዱ (ማይኮቹን ከላፕቶፑ የሚያገናኘው) አራት የማይክ መግቢያ አለው፤ የሚሠራው በራሱ 12 ቮልት አዳፕተር ነው። ላፕቶፕ፣ ጆሮ የሚሸፍን ሄድፎን፣ አንድ ቡም ስታንድና ሁለት አጫጭር ስታንዶች። አምስተኛ ማይክ ቢገኝም የሚሰካበት የለም፤ ስለዚህ ስለ እሱ አናስብም።

መጀመሪያ የክፍሉ ሒሳብ። የድምፅ ፍጥነት 343 ሜትር በሰከንድ ተብሎ በግድግዳዎቹ መካከል ያለው ርቀት እጥፍ ሲካፈል፣ ክፍሉ በርዝመቱ 41፣ በጎኑ 50፣ በከፍታው 66 ኸርዝ አካባቢ ያጉተመትማል። ኪኩ የሚኖረውም እዚያው ሠፈር ነው። ድራሙ ጥግ ላይ ከተተከለ ሦስቱም ጉትምታ አንድ ላይ ይነሣና ኪኩ እንደ በርሜል ይሆናል። ልክ መሀል ከተተከለ ደግሞ በተቃራኒው ሆዱ (የታችኛው ወፍራም ድምፁ) ይጠፋል። ስለዚህ ኪኩ ከአጭሩ ግድግዳ 1.40 ሜትር ገባ ብሎ፣ ከመሀል መስመሩም 30 ሳንቲ ሜትር ወደ ግራ ተንሸራቶ ተቀመጠ። (ጅማ ከባሕር ጠለል በላይ ከ1,700 ሜትር በላይ ናት ተብሎ ሒሳቡ ይለወጥ እንደሆነ የሚጠይቅ አይጠፋም። አይለወጥም፤ የድምፅን ፍጥነት የሚለውጠው ሙቀት ነው።)

ስለ እንቁላል ማስቀመጫ ካርቶን አንድ ነገር። በየቤቱ ስቱዲዮ ግድግዳ ላይ ተለጥፎ ይታያል። ቀጭን ወረቀት ነው፤ ከላይኛው ድምፅ ጥቂት ይነካል፣ ለኪክና ለቶም ግን የለም ማለት ይቀላል፣ ድምፅ ወደ ጎረቤት እንዳይወጣም አያግድም። ከዚያ ይልቅ 10 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው የስፖንጅ ፍራሽ ግድግዳ ላይ ሲደገፍ ከ850 ኸርዝ ወደ ላይ ያለውን በደንብ ይውጣል፤ ከግድግዳው 10 ሳንቲ ሜትር ፈቀቅ ሲል እስከ 430 አካባቢ ይወርዳል። በነጻ የሚገኝ ትርፍ ነውና ፍራሾቹ ከግድግዳ ጋር አልተጣበቁም፤ ከኋላቸው በርጩማ ገብቷል።

አንዱ ፍራሽ ከድራሙ በላይ ኮርኒሱ ላይ ተሰቅሏል። ሚስማሩ ቺፕውዱን ሳይሆን ሞራሌውን መያዝ አለበት፤ ቺፕውድ ላይ የተመታ ሚስማር ፍራሹን ይዞ ሲምባሉ ላይ ይወርዳል። ሞራሌው የት እንዳለ በጣት አንጓ እያንኳኩ መፈለግ ነው፤ ባዶው ቦታ ጉም ይላል፣ እንጨት ያለበት ደረቅ ያለ ድምፅ ይሰጣል።

ለሁለቱ ጥግ የጅማን ያህል የታደለ ከተማ የለም፦ የቡና ጆንያና የቡና ገለባ። ስድስት ጆንያ ገለባ ሳይጠቀጠቅ ላላ ብሎ ተሞላ፤ ሦስት ሦስት ሆነው ከወለል እስከ ኮርኒስ ተደራረቡ። ገለባው ፈጽሞ ደረቅ መሆን አለበት፤ እርጥበት ካለው በሳምንት ይሻግታል። አቧራውም ማይክ ውስጥ ከሚገባ እያንዳንዱ ጆንያ በስስ ፕላስቲክ ተጠቅልሏል። ፕላስቲኩ ከላይ ያለውን ድምፅ መልሶ ይጥላል እንጂ የታችኛውን አያግደውም፤ ጥግ ላይ የሚፈለገውም የታችኛውን ማብረድ ነው። ለዓይን ያማረ አይደለም፣ ሽታውም አለ፤ ግን የሠራውን ሥራ በገንዘብ ማግኘት ውድ ነው።

የጣሪያው ንጭንጭ ግማሽ ቀን ወሰደ። በስልክ ላይ ከ40 እስከ 200 ኸርዝ ቀስ እያለ የሚወጣ ድምፅ በስፒከር ተለቀቀ፤ በየትኛው ኸርዝ ምን እንደሚንቀጠቀጥ አንድ ሰው እየዞረ በእጁ ይይዛል። 58 ላይ የመስኮቱ መስታወት፣ 90 ላይ የበሩ ቁልፍ፣ ከ110 እስከ 120 የተላቀቀ የቆርቆሮ ጫፍ። ለመስታወቱ የተጣጠፈ ካርቶን፣ ለቆርቆሮው አዲስ ሚስማር ከጎማው ጋር። ስኔሩም ከዚህ ሁሉ ጋር ያንሾካሹካል፤ የእሱ ነገር ነገ።

እሑድ፣ ቅኝቱ

ማይክ አልተሰካም። በአራት ማይክ ለሚቀዳ ሰው ቅኝት ከማይክ ይበልጣል፤ ለእያንዳንዱ ቶም የራሱ ማይክ ያለው ሰው የተበላሸ ቶምን ለብቻው ያክመዋል፣ እዚህ ግን ሁሉም በአንድ ወንፊት ነው የሚያልፈው።

አሠራሩ ለሁሉም አንድ ነው። ቆዳው ይወርዳል፣ የበርሜሉ ጠርዝ በደረቅ ጨርቅ ይጠረጋል፣ ቆዳው ተመልሶ ይቀመጣል፣ ብሎኖቹ በጣት እስከሚይዙ ይጠበቃሉ። ከዚያ በቁልፍ ግማሽ ግማሽ ዙር፤ አንዱን ካጠበቁ በኋላ ቀጥሎ ያለውን ሳይሆን ፊት ለፊቱ ያለውን። ቶሙ ስድስት ብሎን፣ ስኔሩ ዐሥር፣ ፍሎር ቶሙ ስምንት አለው። መሀሉ በመዳፍ ጫን ይባላል፤ ሲንቋቋ የሚሰማው ሙጫው ነው፣ አያስደነግጥም። ከዚያ ከእያንዳንዱ ብሎን ሦስት ሳንቲ ሜትር ገባ ብሎ በስቲክ ጫፍ ነካ ነካ እያደረጉ ሁሉንም አንድ ድምፅ ማድረግ። ከፍ ያለውን ከማላላት ዝቅ ያለውን ማጥበቅ ይሻላል፤ ማላላት ግድ ከሆነም ካስፈለገው በታች ወርዶ እንደገና ወደ ላይ መምጣት ነው፣ አለበለዚያ ብሎኑ ሲመታ በራሱ ይፈታል።

ቶሞቹ ላይ የታችኛው ቆዳ ከላይኛው ጥቂት ከፍ ብሏል። እኩል ሲሆኑ ድምፁ ይረዝማል፤ በዚህ ክፍል ረጅም ቶም አይፈለግም። የስኔሩ የታችኛው ቆዳ ስስ ነው፣ በጥንቃቄ ጠበቅ ብሏል፤ የላይኛው መካከለኛ ሆኖ ስኔሩ 200 ኸርዝ ገደማ ላይ ተቀምጧል። ይህን ቁጥር ያዙት፣ ረቡዕ ይመለሳል።

ባለ 12 ቶሙ ሲመታ ስኔሩ አብሮ ይንሾካሾክ ነበር። የሁለቱ ድምፅ ስለተቀራረበ ነው። ቶሙ አንድ ድምፅ ወደ ታች ወረደ፤ የስኔሩ ሽቦ በሚያልፍባቸው ሁለት ጫፎች ግራና ቀኝ ያሉት አራት የታች ብሎኖችም ሩብ ዙር ላሉ። ጨርሶ አልጠፋም፤ ጨርሶ ሊጠፋም አይገባም፣ እንደዚያ ከሆነ ስኔሩ ራሱ ሞቷል።

ኪኩ ላይ የምንቀዳው ነገር ወሳኝ ነው። ችክችካ ላይ አንድ ምት ለሦስት ይከፈላል። በደቂቃ 120 ምት ቢሆን አንዱ ምት 500 ሚሊ ሰከንድ ነው፣ ሲሶው 167። ኪኩ ሁለት ጊዜ ተከታትሎ በሚመታበት ቦታ የመጀመሪያው 300 ሚሊ ሰከንድ ከዘለቀ ሁለተኛውን ይውጠዋል፣ ሕዝቡ የሚጨፍርበት እግር ይጠፋል። ለቀስታ ትዝታ ግን ያው ረጅም ኪክ ያምራል። ስለዚህ ኪኩ ስንት ይታፈን የሚለው ጥያቄ መልሱ ዘፈኑ ውስጥ ነው ያለው። እዚህ አንድ ትራስ ውስጡ ገብቶ የመቺውን ቆዳ (የፔዳሉ መዶሻ የሚያርፍበትን) በአንድ እጅ ስፋት ያህል ይነካል፣ የፊተኛውን ጨርፎ ብቻ። የመቺው ቆዳ መጨማደዱ ከጠፋ በኋላ ሩብ ዙር ብቻ ነው የተጨመረለት።

ስኔሩ ላይ ሶፍት አራት ታጥፎ ጠርዙ ላይ በፕላስተር ተይዟል፤ አንዱ ጎኑ ብቻ። ሌላው ጎን ነጻ ሆኖ ሲመታ ይነሣል፣ ተመልሶ ሲወድቅ ጭራውን ይቆርጣል። አራቱም ጎን ከተለጠፈ መጀመሪያውንም ያፍነዋል።

የከበሮ ሰው ለሆነ አንባቢ፦ እነዚህ ቆዳዎች ፖሊስተር ናቸው፤ እንደ ከበሮ ክረምት ላይ አይረግቡም፣ ፀሐይ ላይ ወይም እሳት ዳር ማሞቅ አይፈልጉም። እንዲያውም ማሞቅ ያበላሻቸዋል።

ሰኞ፣ ሲባጎው

ከላይ የሚሰቀሉት ሁለት ማይኮች የሥራው ዋና ናቸው፤ ኪክና ስኔር ላይ የሚገቡት ማገዣ ናቸው። ሁለት ማይክ ድራሙን ሙሉ እንዲይዝ ሁለቱም ከስኔሩ እኩል፣ ከኪኩም እኩል መራቅ አለባቸው። ካልሆነ የስኔሩ ድምፅ አንዱ ጋ ቀድሞ ሌላው ጋ ዘግይቶ ይደርሳል፤ ሲደመሩ አንዱ ሲወጣ ሌላው እየወረደ ይጠፋፋሉ። እንግሊዛዊው መሐንዲስ ግሊን ጆንስ ሁለቱን የላይ ማይኮች ከስኔር እኩል አርቆ የሚያስቀምጥበት ዘዴ በስሙ ይጠራል፤ የእሱ ሁለተኛ ማይክ ግን ፍሎር ቶሙ ጎን ዝቅ ብሎ ይቆማል። ለጠባብና ዝቅ ላለ ክፍል ሁለተኛውን ወደ መቺው ቀኝ ትከሻ የሚያመጣው አቀማመጥ ይሻላል፤ ወደ ግድግዳው ስለማይጠጋ።

ሜትር አያስፈልግም፣ ሜትር እንዲያውም ያስቸግራል። የሚያስፈልገው የማይሳብ ሲባጎ ነው፣ ሦስት ሜትር ያህል። የናይለን ገመድ ይለጠጣል፤ አይሆንም።

አንደኛው ጫፍ በፕላስተር የስኔሩ መሀል ላይ ይለጠፋል። ሌላው ጫፍ የኪኩ መዶሻ ቆዳውን የሚመታበት ቦታ ላይ። የመጀመሪያው ማይክ ከስኔሩ መሀል ቀጥ ብሎ ወደ ላይ ሁለት ስቲክ ይቆማል፤ መደበኛ ስቲክ 40.6 ሳንቲ ሜትር ስለሆነ 81 ይመጣል። ፊቱ ወደ ስኔሩ። አሁን ሲባጎው ከስኔር ወደ ማይኩ አፍ፣ ከማይኩ አፍ ወደ ኪክ ይወጠራል፤ ሁለቱም ክንድ ውጥር እንዳለ ማይኩ የነካው ቦታ ላይ ቋጠሮ ይታሰራል። እዚህ ቤት ቋጠሮው ከስኔር 81፣ ከኪክ 126 ሳንቲ ሜትር ላይ ወደቀ።

ከዚያ ነው ጨዋታው። ቋጠሮው በሁለት ጣት ተይዞ፣ ሁለቱም ክንድ እንደተወጠረ፣ በአየር ላይ ወደ መቺው ቀኝ ትከሻ ይዞራል። ሁለቱ ጫፎች ስላልተነቃነቁ ቋጠሮው የትም ቢሄድ ክብ ላይ ነው የሚሄደው፤ በዚያ ክብ ላይ ያለ ነጥብ ሁሉ ከስኔር 81፣ ከኪክ 126 ነው። ከክቡ ላይ የሚያስፈልገው የመቺው ክንድ የማይነካው ቦታ ብቻ ነው፤ ከቀኝ ትከሻው ትንሽ ወደ ኋላና ወደ ላይ። ሁለተኛው ማይክ እዚያ ይቆማል፣ እሱም ወደ ስኔሩ ያያል። ቁመቱ ከመጀመሪያው ዝቅ ማለቱ ዓይን ያስቸግራል፤ ሁለቱ ማይኮች ጎዶሎ መስለው ይታያሉ። ዓይንን ማመን የለም። ግራኝ መቺ ከሆነ ሁሉም ይገለበጣል።

ቡም ስታንዱ አንድ ብቻ ስለሆነ ለሁለተኛው ተሰጠ። የመጀመሪያው ከባሕር ዛፍ አጣና ላይ ወረደ፤ አጣናው በቁም ሳጥንና በመሰላል ላይ ተጋድሟል። ከኮርኒሱ ላይ ማሰር ቀላል ይመስል ነበር፤ ግን ኮርኒሱ ከኪኩ ጋር ይንቀጠቀጣል፣ ማይኩም ያንን ይቀዳል። አጣናው ላይ ማይኩ በብስክሌት የውስጥ ጎማ ቁራጭ ተንጠልጥሎ ታስሯል፣ መንቀጥቀጡን ጎማው ይበላዋል። ኬብሉም ዝም ብሎ እንዲንጠለጠል አይተውም፤ አጣናው ላይ ሁለት ቦታ በፕላስተር ተይዟል።

ኤስኤም 57 ስኔሩ ላይ፦ ከጠርዙ ሁለት ጣት ገባ ብሎ፣ ከቆዳው አምስት ሳንቲ ሜትር ከፍ ብሎ፣ ጀርባው ወደ ሃይሃቱ። የማይኩ ጀርባ ደንቆሮ ነው፤ ሃይሃቱን ለዚያ ደንቆሮ ጀርባ መስጠት በኋላ ብዙ ሥራ ይቀንሳል። ኤስኤም 58 በኪኩ ቀዳዳ ገብቶ፣ ከመቺው ቆዳ 25 ሳንቲ ሜትር፣ ከመዶሻው ትንሽ ፈንጠር ብሎ። ኤስኤም 58 ለድምፃዊ የተሠራ ነው፣ ከ50 ኸርዝ በታች ብዙ አይሰጥም፤ ስለዚህ የኪኩ ሆድ ግማሹ ከላይ ማይኮች ነው የሚመጣው። ለዚህም ነው ከኪክ እኩል መራቃቸው ቅንጦት ያልሆነው።

ማክሰኞ

መብራት የለም። ላፕቶፑ ባትሪ አለው፣ ካርዱ ግን በአዳፕተር ስለሚሠራ ሞቷል። ከላፕቶፑ በዩኤስቢ ብቻ የሚሠራ ካርድ ለመግዛት የሚያስብ ሰው ይህን ይመዝን፤ ግን ለአራት ማይክ የሚበቃ፣ ለኮንዴንሰሩም 48 ቮልት የሚሰጥ መሆኑን ያረጋግጥ። ቀኑ ሲምባል በማጥበቅና የሚጮኸውን ፔዳል ዘይት በመቀባት አለፈ። የሚጮህ የኪክ ፔዳል መድረክ ላይ አይሰማም፤ እዚህ ግን በ81 ሳንቲ ሜትር ላይ ኮንዴንሰር ተቀምጧል።

ረቡዕ፣ የጠፋው ስኔር

መብራት ሲመጣ ቅደም ተከተሉ ይህ ነው፦ ኬብል ሁሉ ይሰካል፣ ጌይን (የማይክ መግቢያው ማጉያ) ዜሮ፣ ስፒከር ይዘጋል፣ ከዚያ 48 ቮልት ይበራል። ሲነቀል በተገላቢጦሹ። 48 ቮልት በርቶ እያለ ኬብል መንቀል በስፒከር ላይ ተኩስ ነው።

መጀመሪያ የተሰማው የ50 ኸርዝ ጉምጉምታ ነበር። የላፕቶፑ ቻርጀር ሲነቀል ጠፋ። ቻርጀሩና ካርዱ በአንድ ማከፋፈያ ላይ ሲሰኩም ቀነሰ፤ ቀረጻው ግን በባትሪ ይሁን ተባለ።

ከዚያ ዋናው ችግር። የላይ ማይኮቹ ብቻቸውን ሲሰሙ ስኔሩ ደስ ይላል። ኤስኤም 57 ሲጨመር መጉላት ሲገባው ቀጠነ። ፌደሩ (የትራኩ ድምፅ መጨመሪያ) ወደ ላይ በወጣ ቁጥር ሆዱ እየጠፋ ይሄዳል። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ማይኩን ይወቅሳል ወይም ኢኪው (የድምፅ ክልሎች መጨመሪያና መቀነሻ) ላይ 200ን ይጎትታል። የሌለን ነገር ነው የሚጎትተው።

ሒሳቡ ይኸውና። ኤስኤም 57 ከቆዳው 5 ሳንቲ ሜትር፣ የላይ ማይኩ 81። ልዩነቱ 76፤ በጊዜ 2.2 ሚሊ ሰከንድ፣ በ48 ኪሎ ኸርዝ (በሰከንድ 48,000 የድምፅ ናሙና) 106 ሳምፕል። በዚህ ልዩነት ሁለቱ ሲደመሩ መጀመሪያ የሚጠፋፉበት ቦታ 226 ኸርዝ ላይ ይወድቃል። የስኔሩ ሆድ ደግሞ እሑድ 200 ገደማ ላይ ነበር የተቃኘው። ቢፈለግ እንኳ ከዚህ በላይ ገጥሞ አይገኝም።

መፍትሔው ሁለት ነው። አንደኛው ኤስኤም 57 ትራክ ላይ ፖላሪቲውን መገልበጥ (የሞገዱን ላይና ታች ማቀያየር)፦ 226 ላይ የነበረው ጉድጓድ ጉብታ ይሆናል፣ ጉድጓዱ ወደ 450 ይሄዳል። ሁለተኛው የስኔሩን ትራክ 106 ሳምፕል ወደ ኋላ ማዘግየት፦ ሁሉም አንድ ላይ ይመጣል፣ ጉድጓድ የለም። ሁለቱም ተሞከሩ። ማዘግየቱ ለስኔር የበለጠ ጠንካራ ነው፤ መገልበጡ ደግሞ ትንሽ አየር ይተዋል፣ ክፍሉ ይሰማል። ለዚህ ሥራ የተገለበጠው ተመረጠ፤ በወረቀት ላይ የተሻለው ሌላኛው ቢሆንም። ኪኩም በዚያው ተፈተሸ፤ ልዩነቱ አንድ ሜትር ገደማ፣ 140 ሳምፕል ነው። እሱ ላይ ማዘግየት አሸነፈ፣ የመዶሻው ጠቅታ ከሁለት ወደ አንድ ተመለሰ።

በሞኖ (ግራና ቀኙ ወደ አንድ ተደምሮ) ሲደመጥ ሌላ ነገር ወጣ። ሁለቱ የላይ ማይኮች ሲደመሩ የስኔሩ ፍንዳታ ደብዘዝ ይል ነበር። ሲባጎው ተመልሶ ሲለካ የመጀመሪያው ማይክ 4 ሳንቲ ሜትር ወጥቷል፦ ሰኞ የተለካው እስከ ማይኩ መያዣ ነው እንጂ እስከ አፉ አልነበረም። 4 ሳንቲ ሜትር ትንሽ ይመስላል፣ በሞኖ ግን 4,300 ኸርዝ አካባቢ ይበላል፤ የስቲኩ ጥርት የሚኖረው እዚያ ነው። ቀጫጭን ኮንዴንሰሮች የሚሰሙት በጫፋቸው ስለሆነ መለካት ያለበት እስከ ጫፍ ነው። በጎኑ የሚሰማ ወፍራም ኮንዴንሰር ቢሆን ደግሞ እስከ መረቡ መሀል።

ዐርብ፣ የተጣለ ሙከራ

የኪኩን ሆድ ለመጨመር ከአሮጌ ስፒከር የወጣ ባለ ስድስት ኢንች ተኩል ኮን እንደ ማይክ ተሞከረ። ስፒከር በተገላቢጦሽ ማይክ ነው፤ ሁለቱ ሽቦዎች በካነን መሰኪያው 2ኛና 3ኛ እግር ላይ ይበየዳሉ፣ 1ኛው ለኬብሉ መረብ ይቀራል። ይህ ካርድ 48 ቮልቱን ለአራቱም መግቢያ አንድ ላይ ስለሚለቅ ብየዳው መሳሳት የለበትም፤ ከሁለቱ አንዱ ከመረቡ ጋር ከተገናኘ ቮልቱ በኮኑ ጥቅል ሽቦ ውስጥ ያልፋል። ኮኑ ከኪኩ ፊት 5 ሳንቲ ሜትር ላይ ቆመ፣ የስኔሩን መግቢያ ወሰደ።

ሆዱ አስደናቂ ነው። ግን ኮኑ የራሱ ድምፅ አለው፤ ኪኩ እንዴትም ቢቃኝ ያንኑ አንድ ኖታ ይዘምራል፣ ከተመታም በኋላ ይዘልቃል። ችክችካው ላይ ሁለቱ ኪኮች ተጣበቁ። ለቀስታ ዘፈን ቢሆን ይቆይ ነበር። ወጣ፤ ስኔሩ መግቢያውን አስመለሰ፣ ኤስኤም 58ም ከመቺው ቆዳ 10 ሳንቲ ሜትር እስኪቀረው ተጠጋ። ማይክ ሲጠጋ የታችኛው ድምፅ በራሱ ይወፍራል፤ የጎደለው ግማሹ ከዚያ ተገኘ። የማዘግየቱ ቁጥርም ስለተለወጠ ከ140 ወደ 160 አካባቢ ሆነ።

ቅዳሜ፣ ቀረጻው

ሰዓቱ ከጠዋቱ 3 እስከ 6 ሰዓት። ከዚያ የዙሁር አዛን አለ፣ ከሰዓት በኋላ ባጃጁ ይበዛል። ጎረቤት ከቀኑ በፊት ተነግሯቸዋል፤ ይህ ከማንኛውም ፍራሽ የበለጠ ይሠራል።

24 ቢት፣ 48 ኪሎ ኸርዝ። በአራት ትራክ በደቂቃ 35 ሜጋ ባይት ገደማ ይፈጃል፤ ቦታ አይጨነቁም። ጌይኑ የሚለካው መቺው በጣም በሚመታበት ቦታ ነው፤ «እስኪ ሞክር» ሲባል ግን ማንም በሙሉ ኃይሉ አይመታም፣ ዘፈኑ ሲሞቅ 6 ዴሲቤል ይጨምራል። ስለዚህ በሙከራ ከፍተኛው ምት ከዜሮ (ድምፁ ከሚበላሽበት ጣሪያ) በታች 14 ዴሲቤል ላይ ተቀመጠ፤ በቀረጻ 8 ላይ ደረሰ። ቀይ መብራት አንድ ጊዜ እንኳ መብራት የለበትም፣ በ24 ቢት ዝቅ ብሎ መቅዳት ምንም አያስከፍልም።

በትንሽ ክፍል ትልቁ ጠላት ሲምባል ነው። ክራሹ ከላይኛው ማይክ 46 ሳንቲ ሜትር ላይ ነበር፣ ዝቅ ተደርጎ 60 ሆነ። ከዚያ በኋላ የሚቀረው በመቺው እጅ ነው፦ ስኔርና ቶም ጠንከር፣ ሲምባል ለዘብ። ሲምባል የሚወድ መቺ ይህን አይወድም። አንድ ጊዜ ተቀድቶ ሲሰማው ግን ብዙ ጊዜ ክርክር አያስፈልግም።

ሄድፎኑ ውስጥ ያለው ክሊክ (ምት ቆጣሪው ድምፅ) ለችክችካ በስድስት ከተሰጠ መቺውን ያስረዋል። በየምቱ ብቻ፣ በሁለት ተሰጠ። ሲሶዎቹ እኩል እንዲሆኑ አይጠበቅም፤ በኋላ በሶፍትዌር ወደ መስመር መጎተትም ጨዋታውን ይገድለዋል። ክሊኩ ከሄድፎኑ ወጥቶ ቀኝ ትከሻ ላይ ያለው ማይክ ውስጥ እንዳይገባ በዘፈኑ መጨረሻ፣ ክራሹ እየሞተ ሲሄድ፣ በእጅ ይዘጋል።

አምስት ጊዜ ተቀዳ። ከሁለተኛው በኋላ የስኔሩ አንድ ብሎን ላልቶ ድምፁ ወርዷል፤ በየሁለት ቀረጻው መሀል ቅኝት ይታያል። ሦስተኛውና አራተኛው ጥሩ ናቸው። አራተኛው ላይ 2 ደቂቃ ከ10 ሰከንድ አካባቢ ውሻ አለ፤ ቶም ስር ተደብቋል፣ ለሚያውቀው ብቻ ነው የሚሰማው።

እሑድ፣ ሚክሱ

መጀመሪያ የላይ ማይኮቹ ብቻ። ግራና ቀኝ፣ ግን እስከ ጫፍ ሳይሆን 80 በመቶ ያህል። እነሱ ብቻቸውን ድራም መምሰል አለባቸው፤ ካልመሰሉ ወደ ማይኩ ተመልሶ መሄድ ይሻላል። ከ40 ኸርዝ በታች ተቆርጠዋል፣ ከዚያ በላይ አልተነኩም። በብዙ ማይክ የሚሠራ ሰው የላይ ማይኮችን ከ300 በታች ይቆርጣቸዋል፤ ያንን እዚህ መኮረጅ ቶሞቹን መጣል ነው፣ ቶሞቹ ሌላ ማይክ የላቸውምና።

ኪኩ ቀስ እያለ ገባ። 350 ላይ በ5 ዴሲቤል ተቀነሰ፣ የካርቶን ድምፁ እዚያ ነው። 60 ላይ 3 ተጨመረ፣ 3,500 ላይ 2። ስኔሩ በተገለበጠ ፖላሪቲ፣ ከ100 በታች ተቆርጦ፣ ኮምፕሬሰር (ከፍ ያለውን ድምፅ የሚጫነው) በ4 ለ1፣ አታክ (መጫን እስኪጀምር) 25 ሚሊ ሰከንድ፣ ሪሊዝ (እስኪለቅ) 100። አታኩ ከ10 በታች ከወረደ ኮምፕሬሰሩ የስቲኩን ምት ራሱን ይይዛል፤ ስኔሩ በትራስ የተመታ ይመስላል። ጌት (ድምፅ ዝቅ ሲል ትራኩን የሚዘጋው) አልተደረገም። የስኔሩ ማይክ ውስጥ ያለው ትንሽ ሃይሃት በጌት ሲከፈትና ሲዘጋ ከመኖሩ ይብሳል።

በስልክ ስፒከርና በባጃጅ ቴፕ ተሰማ። በስልኩ ላይ ኪኩ በጠቅታው ብቻ ይታወቃል፤ ስለዚህ 3,500 ላይ ያለው 2 ወደ 3 ወጣ። ባጃጁ ላይ ምንም አልተነካም።

የማይኮቹና የስታንዶቹ እግር ወለሉ ላይ በፕላስተር ምልክት ተደርጎበታል፣ ሲባጎውም ቋጠሮው እንዳይፈታ በላስቲክ ታስሮ ስኔሩ ሣጥን ውስጥ ገብቷል። የቀረ ሥራ፦ የፍሎር ቶሙ አንዱ ብሎን ጥርሱ ተበልቷል፣ አሁን የያዘው በተጠቀለለ ፕላስተር ነው፤ ከሚቀጥለው ቀረጻ በፊት ይለወጥ። የጥግ ጆንያዎቹም ዝናብ ሳይጀምር ይፈቱና ገለባው ይታይ።